ፉሚኮ ከዳኛው ወንበር አልወርድም ያለች ጊዜ

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ግቢያችን ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን። እኔ ዘሀራ፣ የግቢው ባለቤት። ልጄ ሰሚራ፣ ከትምህርት ቤት ገብታ ቦርሳዋን ሳታወርድ ራኬቷን ያነሳችው። ጎረቤቴ ሀዋ፣ የበርታ ሴት፣ ገበያ ላይ ከርከዴና ደረቅ ባሚያ የምትሸጠው፤ ወንፊት ልትመልስልኝ መጥታ እዚያው ተቀምጣ ቀረች። ጋሽ ይመር፣ በሰፈራው ጊዜ ከወሎ ከአባቴ ጋር በአንድ መኪና ተጭነው የመጡት፣ ሬዲዮናቸውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ከማንጎው ሥር። ፉሚኮ፣ የጓሮ ክፍላችንን የተከራየችው ጃፓናዊት፣ ድሮ ቴኒስ መጫወት ሥራዋም እንጀራዋም የነበረ። እና አንዲት የታመመች ዶሮ። ባለቤቴ ግድቡ ላይ ሹፌር ስለሆነ አልነበረም፤ በስልክ ግን ነበረ፣ እሱም የሚጠይቀው ስለ ዶሮዋ ነበር።

ዶሮዋን የቆጠርኳት ያለ ምክንያት አይደለም። ያን ቀን ታማለች ብለን ከበን የምናያት እሷን ነበር። እውነተኛዋ ታማሚ ከጀርባችን ቆማ ኳስ ትመታ ነበር።

ፉሚኮ ለሁለት ዓመት በበጎ ፈቃድ መጥታ የአሶሳን ልጆች ቴኒስ የምታስተምር ሴት ናት። ከሥራ ስትመለስ የጓሮውን ግድግዳ በኳስ ትመታለች። ጧ፣ ጧ፣ ጧ ይላል፣ አያቋርጥም። እኔ ሽንኩርት የምከትፈው በዚያ ድምፅ ነው። ያን ቀን ድምፁ መሀል ላይ ቆመ። ኳሷ ተንከባልላ ዶሮዋ ጋ ደረሰች። ፉሚኮ ልታነሳት አልሄደችም። ዝም ብላ አየቻት። ከዚያ ክፍሏ ገብታ ሹራብ ለብሳ ወጣች።

በአሶሳ ፀሐይ፣ ሹራብ።

«ፉሚ፣ ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት። ሰፈሩ ሁሉ ፉሚ ነው የሚላት።

«እኔ ደህና ነው» አለች።

አማርኛዋ እንዲህ ነው። ሥልጠና ላይ ተምራ ነው የመጣችው፤ ቃሉን ታውቃለች፣ ወንድና ሴቱን ግን ትቀላቅላለች። ሀዋም ቤቷ የምታወራው በርታኛ ስለሆነ አማርኛዋ ከዚያው ዓይነት ነው። ስለዚህ ሁለቱ ሲያወሩ ከማናችንም በላይ ይግባባሉ።

ሀዋ ብድግ አለችና እጇን የፉሚኮ ግንባር ላይ አደረገች። «ይሄ ወባ ነው። አንቺ አሁን ሐኪም ቤት ሂድ።»

«አይደለም። ድካም ነው።»

«ድካም እንዲህ አይሞቅም። እኔ ድካም በደንብ ያውቃል።»

ጋሽ ይመር ሬዲዮናቸውን ዝቅ አደረጉ። «ኧረ ተያት አንቺ! ስፖርተኛ ወባ አይዘውም። ስትሮጥ የምትውል ሴት፣ ትንኟ መቼ ደርሳባት!»

«ጋሽ ይመር፣ አንተ ሬዲዮ ስማ» አለች ሀዋ።

እኔ ጭንቀታም ነኝ፤ ይህን ማንም ያውቃል። ደመና ካየሁ የጎረቤቴንም ልብስ ከገመድ ላይ አወርዳለሁ። እና ለመንኳት። ባጃጅ ልጥራ አልኳት። ፉሚኮ ግን ራሷን ነቀነቀች፤ ምክንያቱም በማግስቱ ቅዳሜ የእኛ ልጆች ከባምባሲ ልጆች ጋር የመጀመሪያ ውድድራቸውን የሚያደርጉበት ቀን ነበር፣ ዳኛዋም እሷ ነበረች። ሌላ ደንቡን የሚያውቅ ሰው በአካባቢው አልነበረም። «ከውድድር በኋላ» አለች። ገብታ ተኛች።

አንባቢዎቼ፣ ቤታችሁ ውስጥ «ከዚህ በኋላ፣ ከዚያ በኋላ» የሚል የሚያተኩስ ሰው ካለ፣ ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ አቁማችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ቀሪውን ሲሻለው ታነቡለታላችሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ተነስታ ቆመች። ፊቷ አመድ መስሏል፣ ግን ቆማለች። እኔም አብሬ ሄድኩ፤ መጀመሪያም ኳስ የሰሚራን ዓይን ይመታል ብዬ ስለምፈራ ልሄድ ነበር። አሁን ደግሞ የምፈራላቸው ሁለት ሆኑ። ሎሚ፣ ስኳር፣ ብርድ ልብስ፣ አንድ ትልቅ ጀሪካን የፈላ ውሃ ያዝኩ። የሚኒባሱ ረዳት «እናቴ፣ ቤት እየለቀቃችሁ ነው?» አለኝ። 

ባምባሲ ላይ የትምህርት ቤቱን ግቢ በኖራ አስምረው ጠበቁን። መረቡን ከአሶሳ ይዘን ስለሄድን ሰቀልነው። የዳኛ ወንበር ከፍ ያለ መሆን አለበት ብላ ፉሚኮ አስቀድማ ነግራቸዋለች፤ እነሱም የመምህራን ጠረጴዛ ላይ ወንበር ጭነው፣ ወንበሩን በገመድ አስረው አዘጋጁላት። ወጣች። ብርድ ልብሴን ከታች ወረወርኩላት። ያዘችው፣ አጣጥፋ ከእግሯ ሥር አደረገችው።

ሰሚራ ከአንዲት ረጅም የባምባሲ ልጅ ጋር ጀመረች። የባምባሲ ሰው ጨዋታውን ከዚህ በፊት አይቶት አያውቅም፣ ኳሷ ከመረቡ ባለፈች ቁጥር ያጨበጭባል፣ ስትወጣም ያጨበጭባል። ፉሚኮ ነጥብ ትጠራለች። መጀመሪያ በአማርኛ ጠራች። ቀጥሎ በእንግሊዝኛ። ቀጥሎ ማናችንም በማናውቀው ቋንቋ መጥራት ጀመረች። ተመልካቹ ይኼ የዓለም አቀፉ ደንብ ነው ብሎ አሰበ፣ ጸጥ ብሎ በአክብሮት ሰማ፣ አጨበጨበም። አንድ አባት «አያችሁ፣ ጨዋታው ሲከር ቋንቋውም ይከራል» ብለው ለአጠገባቸው ሲያስረዱ ሰምቻለሁ።

ሰሚራ ግን ራኬቷን ዝቅ አድርጋ ወደ እኔ ዞረች። «እማ፣ በጃፓንኛ ነው የምትጠራው።»

ወንበሩ ሥር ሮጥኩ። ጥርሷ ይንቀጠቀጣል። ጠረጴዛው አብሯት ይንቀጠቀጣል።

«ፉሚ፣ ውረጂ።»

«ጨዋታ አላለቀም።»

«ውረጂ በአላህ!»

«ዳኛ… አይወርድም።»

ከዚያ ወረደች። ግን በራሷ አልነበረም። ወደ ጎን አዘነበለች። የባምባሲው የስፖርት መምህር ተቀበላት።

አሶሳ እስክንደርስ አስመለሳት። ጀሪካኑን ሲያላግጥበት የነበረው ረዳት በገዛ እጁ ውሃ እየቀዳ ፊቷን አጠበላት። አላህ ይስጠው።

ሆስፒታል ገባን። ከጣቷ ደም ወሰዱ። አንዲት ወጣት ዶክተር መጣች።

«መቼ ጀመራት?»

«ትናንት ከሰዓት» አልኩ።

«እኔ ደህና ነው» አለች ፉሚኮ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

«ደህና የሆነ ሰው እዚህ አይመጣም» አለች ዶክተሯ። ውጤቱ መጣ። አነበበችው። «ፋልሲፓረም ነው። ኃይለኛው ዓይነት። በደሟ ውስጥ በዝቷል። በአፍ የሚሰጥ አይበቃትም፤ አርቴሱኔት በደም ሥር እንጀምራለን።» ወደ እኔ ዞረች። «መከላከያ ክኒን አትወስድም?»

«ትወስድ ነበር። እንቅልፍ ይነሳኛል ብላ ተወችው።»

«አጎበር የላትም?»

እዚህ ላይ ተቆጣሁ። «አላት እንጂ! እኔ ራሴ ነኝ አልጋዋ ላይ የሰቀልኩላት! አዲስ አጎበር!»

ሰሚራ መሬት መሬት ማየት ጀመረች። «እማ…»

«ምንድን ነው?»

«አጎበሩ ሜዳ ላይ ነው። መረቡ መሀሉ ተቀዶ ኳስ ያልፍ ነበር። ፉሚ ቆርጣ ሰፋችበት።»

ያን መረብ ባምባሲ ድረስ ጭኜ የሄድኩት እኔ ነኝ። መሀሉ ላይ ያለውን ነጭ ነገር አይቼ «እንዴት ያምራል» ብያለሁ።

 «እንግዲህ ኳሷን ወባ አይዛትም» አለች ዶክተሯ፣ መድኃኒቱንም ልታዝ ሄደች።

ከዚህ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልጻፈው። ረጅም ማድረግ አልችልም።

ትኩሳቷ አልወርድ አለ። ዓይኗ ቢጫ ሆነ። ሽንቷ ጠቆረ። እጄን ያዘች። «እትዬ ዘሀራ» አለችኝ። «እናቴ… አትንገር። ቃል።» ቃል አልኳት። ምን ልበላት? ከዚያ መልስ መስጠት አቆመች። ስሟን ጠራሁ። አልመለሰችም። ነርሷ ጠራች። አልመለሰችም። የደም ስኳሯ ወርዶ ነበር። ግሉኮስ ሰጧት። ጠበቅን። ጣቷ ተንቀሳቀሰ። ብቻ ጣቷ።

የሰው አደራ ነች። እናት አላት። ይህን ብቻ ነበር የማስበው። ልጄ ሩቅ አገር ሄዳ ከአንዲት የማላውቃት ሴት ግቢ ብትወድቅ፣ ያቺ ሴት ምን እንድታደርግ ነው የምፈልገው?

እሁድ ጠዋት የፉሚኮ ስልክ ጮኸ። የምስል ጥሪ ነው። አንዲት ሽበታም ሴት ፎቶ ላይ ትስቃለች። ሁልጊዜ እሁድ ጠዋት እናቷ እንደምትደውልላት አውቃለሁ፤ ግድግዳችንን አልፎ የሚሰማኝ ሳቃቸው ነው። ስልኩ ጮኸ፣ ቆመ። እንደገና ጮኸ። ያላነሳሁት እንደሆነ ያቺ ሴት ቀኑን ሙሉ እንዴት እንደምትውል አውቃለሁ፤ እኔ ሰሚራ ከትምህርት ቤት ትንሽ ከዘገየች በር ላይ ነው የምቆመው። ስልኩን ይዤ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁና አነሳሁት።

ተያየን። የእሷን ቋንቋ አላውቅም፣ የእኔን አታውቅም።

«ፉሚኮ?» አለች።

እጄን ጉንጬ ሥር አድርጌ ዓይኔን ጨፈንኩ። ተኝታለች ማለቴ ነው። ውሸት አልነበረም።

ሴትዮዋ ለረጅም ጊዜ ፊቴን አየችው። ከዚያ ቀስ ብላ መዳፏን የራሷ ግንባር ላይ አደረገች። መዳፏን አንስታ በትንሹ አራገበችው፣ የጋለ ነገር እንደነካ ሰው።

 አንድ ቃል ከአፌ አልወጣም፣ ወላሂ። ግን ራሴ ወደ ታች ወርዶ ወደ ላይ ተመለሰ። ራሴ ቃል አልገባም ነበር።

ጎንበስ አለች። ሽበቷ ብቻ እስኪታየኝ ድረስ ዝቅ አለች፣ እዚያም ቆየች። እኔም ጎነበስኩ። የሆስፒታሉ ጽዳት ሠራተኛ መጥረጊያዋን ይዛ ቆማ አየችን። ስልኩ ተዘጋ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ፉሚኮ ዓይኗን ገለጠች። ዶክተሯ አጠገቧ ነበረች። «የት እንዳለሽ ታውቂያለሽ?» አለቻት።

ፉሚኮ ዙሪያዋን አየች፣ እኔን አየች። «ማን አሸነፈ?» አለች።

ዶክተሯ ሳቀች። «ይህቺ ድናለች።»

እኔ አልሳቅኩም። እዚያው ሰጋጃ ሳላነጥፍ ሱጁድ ወረድኩ።

ከሆስፒታል በወጣች ጊዜ የሚቀጥለውን መድኃኒት፣ ኮአርተም የሚባለውን፣ ከምግብ ጋር እንድትውጥ አዘዙላትና እረፍት አሉ። እረፍት የምትለዋን ቃል ዶክተሯ ደጋግማ ነው የተናገረችው። እኔም እረፍት ማለት አልጋ ማለት መስሎኝ ነበር። ጠያቂውን ረስቼው ነበር።

በእኛ ሰፈር ሰው ታሞ ሲወጣ ጠያቂ አይቀርም፤ መቅረትም ነውር፣ ጠያቂን መመለስም ነውር ነው። የሰፈሩ ሴቶች መጡ፣ የልጆቹ እናቶች መጡ፣ ከባምባሲ ሳይቀር መጡ፣ ማንጎ፣ ማር፣ በኩባያ ተከድኖ ትኩስ አጥሚት ይዘው። ሰው ሲገባ ደግሞ ተቀምጦ መቀበል እኛ ዘንድ አይሆንም። በፉሚኮ አገርም ሰላም ሲሉ ጎንበስ ይላሉ፣ ለጎነበሰላቸውም መልሰው ካላጎነበሱለት አይሆንላቸውም። እነዚህ ሁለቱ ነገሮች ከአልጋዋ ጎን ተገናኙ። ጠያቂ ሲገባ ፉሚኮ ከአልጋዋ ትነሳና ጎንበስ ትላለች። የታመመች ሴት ስትነሳ የተቀመጡት ሁሉ ደንግጠው «ኧረ በአላህ፣ አትነሺ!» እያሉ ይነሳሉ። ሰው ሁሉ ስለተነሳላት እሷ ደግሞ ዝቅ ብላ ጎንበስ ትላለች። እነሱም እንደ ወግ መልሰው ጎንበስ ይላሉ። ማንም ሰው ቀድሞ መቀመጥ አልቻለም። አጥሚቱ በዚህ መሀል ቀዘቀዘ። በመጨረሻ ጋሽ ይመር ባርኔጣቸውን አውልቀው ሲያጎነብሱ፣ ፉሚኮ ለእሳቸው ስትጎነብስ ሳትቃና ቀረች። ወለሉ ላይ አገኘናት።

ዶክተሯ ጋ ተመለስን። መረመረቻት። «ወባው አይደለም፣ ደሟ አንሷል፣ አቅም የላትም። ምን ስትሠራ ነው የወደቀችው?»

«ሰላም ስትል» አልኩ።

«ጠያቂ ይቁም» አለች።

ቀላል መሰላት። እኔ ማር ይዞ ከባምባሲ የመጣ ሰው በሬ ላይ ቆሜ ልመልስ? ያን ቀን ከሕመሙ በላይ የጨነቀኝ ይህ ነበር። ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ስል ሀዋ አየችኝ። «ኡም ሰሚራ፣ ዶሮ ትመስላል አንቺ» አለችኝ፤ የሰሚራ እናት ማለቷ ነው። ነገሩን ነገርኳት። ሀዋም ፉሚኮ ጋ ገባችና ጠየቀቻት። «ቴኒስ ጊዜ፣ ብዙ ሰው ይመጣል። እናንተ እንዴት ይጫወታል?»

«ሰው ጸጥ ይላል» አለች ፉሚኮ ተኝታ። «ጨዋታ እያለ ማንም አይገባም፣ አይነሳም። ተጫዋች ሲያርፍ፣ ያኔ ሰው ይገባል። ተጫዋችም ለሰው አይነሳም። ወንበር ላይ ቁጭ ይላል፣ ውሃ ይጠጣል።»

«ተጫዋች ቁጭ ቢል ነውር አይደለም?»

«ደንብ ነው።»

ሀዋ ወጣችና «ደንብ ነው!» አለችኝ።

እንግዲህ ነውርን የሚያሸንፍ ነገር አገኘን ማለት ነው። በማግስቱ ጋሽ ይመር ወንበራቸውን ከማንጎው ሥር አንስተው የፉሚኮ በር ላይ አኖሩ። ሬዲዮናቸውን ዘጉ፤ ይህን ሲያደርጉ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ጠያቂ ሲመጣ ጣታቸውን ያነሳሉ። «ጸጥታ! ጨዋታ ላይ ነች።» ፉሚኮ እንቅልፍ ላይ ናት ማለት ነው። ሰውም ግቢው ውስጥ ተደርድሮ በሹክሹክታ ይጠብቃል፤ ስትነቃ ጋሽ ይመር «እረፍት!» ብለው ይጮኻሉ፣ ይገባል፣ ይቀመጣል፣ እሷም ትራሷን ተደግፋ ውሃ እየጠጣች ትቀበላለች። ማንም አይነሳም። የሚነሳ ካለ ጋሽ ይመር «ከሜዳ አስወጣለሁ!» ይላሉ። ማንም አልተቀየመም፤ እንዲያውም የሌላ ሰፈር ሰዎች ደንቡን ለማየት መጡ።

ሕይወቷን የሰማነው በእነዚያ እረፍቶች ነው። ከዚያ በፊት ለሁለት ዓመት የሚጠጋ ጊዜ አብራን ኖራ ስለ ራሷ ያወራችው ኳስ እንዴት እንደሚያዝ ብቻ ነበር። በአገሯ ከባሕሩ ዳርቻ ያለች ትንሽ ከተማ ውስጥ ተወልዳ፣ አባቷ ታክሲ ነጂ፣ እናቷ ደግሞ ከልምምድ እስክትወጣ ምሳዋን በጨርቅ ጠቅልላ ከአጥሩ ውጭ የምትጠብቃት፤ ትምህርቷን ስትጨርስ ፕሮፌሽናል ሆና ከአገር አገር ብቻዋን እየዞረች፣ ካልሲዋን በሆቴል መታጠቢያ እያጠበች፣ የራኬቷን ገመድ ራሷ እየወጠረች፣ ከኳስ አቀባዮችና ከርግቦች በቀር ተመልካች በሌለበት ሜዳ ስትጫወት ኖረች። አንድ ጊዜ ስሙ በዓለም የታወቀ ትልቅ ውድድር ውስጥ ማጣሪያውን አልፋ ገብታለች። የደረሳት ተጋጣሚ ግን ከዓለም አንደኛ ከሚባሉት አንዷ ነበረች።

«ታዲያ እንዴት ሆነ?» አሉ ጋሽ ይመር፣ ወንበራቸውን እየሳቡ።

«እኔ ላብ ሳይወጣ አለቀ።»

«ስንተኛ ነበርሽ ግን አንቺ፣ ከዓለም?»

አንገቷን ደፋች። «ከእኔ በላይ ሁለት መቶ ሴት አለ።» እንደ ኃጢአት ነው የተናገረችው።

 ሀዋ ጣቷን እያነሳች «ከዓለም?» አለች።

«አዎ።»

«ጃፓንም፣ አሜሪካም፣ ሱዳንም፣ ሁሉም ተደምሮ?»

«አዎ።»

«ሁለት መቶ ብቻ? ወላሂ፣ እኔ ባሚያ ይሸጣል፣ ከአሶሳ ገበያ ብቻ ከእኔ በላይ ሁለት መቶ አለ!»

ፉሚኮ ሳቀች። ሳቋ ወደ ሳል ተቀየረ፣ ጋሽ ይመር «ጨዋታ!» ብለው ሁላችንንም አስወጡን።

ለምን ትኩሳቷን እንደደበቀችን የገባኝም ያኔ ነው። ወጣት ሳለች በአንድ የክረምት ውድድር ላይ እያተኮሳት ተጫውታ አሸንፋለች፤ ማንም አላወቀባትም። አሠልጣኟ ከዚያ በላይ አመስግኗት አያውቅም። የሚያምሽን ተጋጣሚሽ ካየ ኳሱን ወደዚያው ይመታዋል ብሎ አስተማራት። ይህን ትምህርት ይዛ ጉልበቷ ሲያማት ደበቀች፣ ሲያብጥ ደበቀች፣ ሜዳ ላይ እስኪከዳት ድረስ ደበቀች። በቀዶ ሕክምና ከተጠገነች በኋላም ተመልሳ ሞከረች፣ ግን ሩጫዋ አልተመለሰም፣ አቆመች። እናቷ ቀዶ ሕክምናውን ያወቀችው ከከተማቸው ጋዜጣ ነው። ከዚያ ወዲህ ነው እሁድ እሁድ በምስል ካላየሁሽ ያለቻት፤ «ደህና ነኝ» የምትለዋን ቃል በድምፅ ብቻ አልቀበልም አለች።

«ትንኟ ግን ተጋጣሚ አይደለችም» አልኳት። «ብታያትም ባታያትም ትነክስሻለች። የደበቅሽው ከእኛ ነው።»

አሰበችበት። «ልክ ነው» አለች።

በቀጣዩ እሁድ እናቷ ደወለች። ፉሚኮ ፀጉሯን አበጥራ፣ ጉንጯን ቆንጥጣ አቅልታ አነሳች። ብዙ አወሩ፣ ሳቁ። እናቷ ስለ ሕመም አንድም ነገር አልጠየቀቻትም። በመጨረሻ ግን የቤቱን ባለቤት ልያት አለች መሰለኝ፣ ፉሚኮ ስልኩን ወደ እኔ አዞረችው። ሽበታሟ ሴት ጎንበስ አለች፣ ግንባሯ ጠረጴዛዋን ሊነካ። እኔም ቢላዋዬን እንደያዝኩ ጎነበስኩ።

ፉሚኮ ስልኩን ዘግታ በኩራት «እናቴ ምንም አላወቀም!» አለችኝ። ቀጥላ ግንባሯን ቋጠረች። «ግን ለቤት አከራይ እንዲህ ጎንበስ አይባልም።»

«እንግዲህ የእናንተን አገር ወግ እኔ ምን አውቃለሁ» አልኩና ሽንኩርቴን ከተፍኩ። ያስለቀሰኝም ሽንኩርቱ ነው።

ከዚያ በኋላ ግን አስማልኳት። እናትሽ ከጋዜጣ ሳይሆን ከአፍሽ ትስማ አልኳት። አገሬ ስገባ፣ ፊት ለፊት ቁጭ ብዬ እነግራታለሁ አለች። ቃል? ቃል።

አቅሟ ሲመለስ የባምባሲ ልጆች ወደ አሶሳ መጡ፣ ያልተጨረሰው ጨዋታ ከቆመበት ነጥብ ቀጠለ። አጎበሩን ከመረቡ ፈትቼ፣ አጥቤ፣ ጠጋግኜ ወደ አልጋዋ መልሼዋለሁ፤ የመረቡን ቀዳዳ ሀዋ በማዳበሪያ ጆንያ ሰፋችው። ፉሚኮ ከፍ ያለው ወንበር ላይ ወጣች። እኔ ከሥሩ ቆምኩ፣ ሁለት እጄን ዘርግቼ፣ ሰው «ማንጎ ልታወርጂ ነው?» እስኪለኝ ድረስ። በአማርኛ ጠራች፣ በደንብ ጠራች። ፀሐዩ ሲበረታ ግን ድንገት እጇን አነሳች። ጨዋታው ቆመ።

«እኔ ደህና አይደለም» አለች ጮክ ብላ። «ደክሞኛል። ጋሽ ይመር ይውጣ።»

ሀዋ እልል አለች። እኔም፣ የሰፈሩ ሴቶችም ተከተልን። የባምባሲ ሰዎች ነጥብ የተቆጠረ መስሏቸው አጨበጨቡ። ፉሚኮ በራሷ እግር ወረደች፣ ብርድ ልብሴን ተቀብላኝ ጥላ ሥር ተቀመጠች። ሰሚራ ተሸነፈች፤ ጋሽ ይመር ቢዳኙላትም ተሸነፈች። እኔ ከዚያ ቀን በላይ ተደስቼ አላውቅም።

ለዶክተሯና ለነርሶቹ፣ ለሚኒባሱ ረዳት፣ ለባምባሲው መምህር፣ ለጎረቤቶቼ ምስጋናዬ አያልቅም፤ አላህ በልጆቻቸው ይመልስላቸው። ለእናንተ ደግሞ፣ በተለይ ቤታችሁ እንግዳ ላላችሁ፦ እዚህ አገር ያተኮሰ ሰው በዚያው ቀን ደሙን ይመርመር። ስፖርተኛ ነኝ ቢልም። ክኒኑን ተሻለኝ ብሎ እንዳያቋርጥ፣ አስተርፎም ለጎረቤት እንዳይሰጥ፤ ባዶ ሆዱንም አይዋጥ። አጎበር አልጋ ላይ ነው ቦታው፣ አለ ብላችሁም አትመኑ፣ ገብታችሁ እዩት። ጠያቂም መድኃኒት ነው፣ ግን እንደ መድኃኒት በመጠን ይሁን። ጠያቂ መመለስ ካፈራችሁ ዳኛ አቁሙ። ዶሮዋንም ለጠየቃችሁኝ፣ እኛ ሆስፒታል ስንመላለስ ያለ ማንም እርዳታ ድናለች፣ እንቁላልም ጀምራለች።

ፉሚኮ ሁለት ዓመቷን ጨርሳ ወደ አገሯ ገብታለች። መጀመሪያ ትደውል ነበር፤ ከዚያ ስልኬ ከነቁጥሯ የውሃ በርሜል ውስጥ ገባብኝ፣ አዲሱ ደግሞ ሌላ ቁጥር ነው። ይህን የምጽፈው አምስተኛ ክፍል ባቆመ እጄ ነው፣ ሰሚራ ፊደሉን አቃንታልኛለች፤ ከአንባቢዎቼ አንዱ ወደዚያ አገር ይደርሳል፣ ወይም የሚያውቃት ሰው ያውቅ ይሆናል ብዬ ነው። ቴኒስ ተጫዋች የነበረች፣ ቀኝ ጉልበቷ ላይ ጠባሳ ያላት፣ አማርኛ የምትናገር ፉሚኮ የምትባል ሴት ያየ ሰው ካለ፣ እባካችሁ ደህንነቷን ላኩልኝ። ደህና ነኝ ብትላችሁ አትመኗት፣ ፊቷን እዩት። እና ለእናቷ ነግራት እንደሆነ ጠይቁልኝ።